ስኳር «የሀብታም በሽታ» ነው ያለው ማን ነው?

«ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» ሲባል ሰምታችኋል። ቦርጭ፣ ቁርጥ፣ ቢራ፣ ከመኪና የማይወርድ ሰው፤ በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው እንዲህ ያለው ነው። አባባሉ ጨርሶ ሐሰት አይደለም። ከስኳር ሕሙማን አብዛኞቹ ዓይነት 2 የሚባለው ያለባቸው ናቸው፤ እሱም ከውፍረትና ከእንቅስቃሴ ማነስ ጋር የተያያዘ ነው። ችግሩ ከሲታውን ገበሬ መርሳቱ ነው። የዚህ ሰው ሕመም በሕክምናው ዓለም መዝገብ አንዴ ተጽፎ፣ ተሰርዞ፣ እንደገና ተጽፏል። ታሪኩን ላውጋችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት ስኳር የያዘው ልጅ ሞቱን ይጠብቅ ነበር። በዘመኑ ስሙ የገነነው አሜሪካዊው ሐኪም ፍሬድሪክ አለን የሚያዝዘው ሕክምና ረሃብ ነበር። የሕመምተኛውን ምግብ ቀንሶ ቀንሶ አጥንትና ቆዳ ያደርገዋል፤ በምትኩ ዕድሜው ትንሽ ይራዘማል። በጥር 1922 ቶሮንቶ ላይ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ እነ ፍሬድሪክ ባንቲንግ ያወጡትን ኢንሱሊን ተወግቶ ተረፈ፤ የረሃቡም ሕክምና በዚያው ቀረ። በ1936 ደግሞ እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሂምስዎርዝ ስኳር አንድ በሽታ እንዳልሆነ አሳየ። አንዱ ሕመምተኛ ለኢንሱሊን ቶሎ ይታዘዛል፤ የሌላው ሰውነት ይቋቋመዋል። ዛሬ ዓይነት 1 እና ዓይነት 2 የምንለው ክፍፍል ሥሩ ይህ ነው።

ከዚህ ክፍፍል ውጪ የሆኑ ሰዎችም ነበሩ። በ1955 ፊሊፕ ሂው-ጆንስ የተባለ ሐኪም ጃማይካ ውስጥ ግራ የሚያጋቡ ሕሙማን ማየቱን ጻፈ። ወጣቶችና ከሲታ ስለሆኑ ዓይነት 1 ይመስላሉ፤ ብዙ ኢንሱሊንም ይፈልጋሉ። ነገር ግን ኢንሱሊን ሲቋረጥባቸው ዓይነት 1 ያለበትን ሰው በቀናት ውስጥ የሚጥለው የደም አሲድ መብዛት እነሱን አይጥላቸውም። በጃማይካ የመጀመሪያ ፊደል «ጄ ዓይነት» አላቸው። ተመሳሳይ ሕሙማን ከሌሎች ድሃ አገሮችም ሲዘገቡ ቆይተው፣ በ1985 የዓለም ጤና ድርጅት «ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር» ብሎ ራሱን የቻለ ቦታ ሰጣቸው።

ቦታው የቆየው ግን 14 ዓመት ብቻ ነው። በ1999 ድርጅቱ የምግብ እጥረት በራሱ ስኳር እንደሚያመጣ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ሰረዘው። እውነት ነው፣ ማስረጃው ስስ ነበር። ግን ማስረጃ የሚሰበሰበው ላቦራቶሪና ገንዘብ ባለበት ነው፤ ይህ ሕመም ያለው ደግሞ ሁለቱም በሌሉበት። ማስረጃ የለም ማለትና በሽተኛው የለም ማለት ለየቅል መሆናቸውን ያኔ አጥብቆ የጠየቀ ብዙ አልነበረም።

ከጠየቁት መካከል የኛዎቹ አሉበት። በ2009 የጎንደር ሐኪሞች ከእንግሊዝ ባልደረቦቻቸው ጋር ዲያቤቶሎጂያ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነበር፦ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር ፋይል እንደገና እንክፈተው ወይ? በገጠር ኢንሱሊን የሚወጉ ሕሙማንን ስኳር ከሌለባቸው ሰዎች ጋር ሲያስተያዩ ያገኙት ድህነትን ነው፤ ያልተማሩ፣ ከእጅ ወደ አፍ አርሰው የሚያድሩ ሰዎችን።

አሁን ይህን ገበሬ ስለ ወፍራሙ ሰው ከተጻፈው ምክር ፊት አቁሙት። ጣፋጭ ተው፣ ቅባት ቀንስ፣ ክብደትህን አውርድ! ከየት ያውርደው? ፍሪጅ ስለሌለው ኢንሱሊኑን በረጠበ ሸክላ ያቀዘቅዛል። መርፌው ደግሞ ምግብ ይጠብቃል፤ ሳይበላ ከተወጋ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ያልበዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ እርሻው መሃል ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ለዓይነት 1 የተለካ መጠን ለእሱ በዝቶ ሊገድለው ይችላል። እንግዲህ የበሽታው ስም የምሁራን ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ የሚታዘዘው መጠን የሚወሰነው በስሙ ነው።

በ2022 ከኒውዮርኩ አልበርት አንስታይን የሕክምና ኮሌጅ ዶክተር ሜሬዲት ሆኪንስና በሕንድ ቬሎር ያሉ ሐኪሞች የቀጫጭን ሕሙማንን ሰውነት በጥሩ መሣሪያ መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። ሰዎቹ ኢንሱሊን በደንብ አያመነጩም፤ በዚህ ከዓይነት 2 ይለያሉ። ጨርሶ አላቋረጡም፤ በዚህ ደግሞ ከዓይነት 1። በሚያዝያ 2025 ባንኮክ ላይ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «ዓይነት 5» የሚል ስም አጸደቀለት። ሕመሙ ያለባቸው ሰዎች ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ይገመታሉ።

በዚህ ስም የማይስማሙ ባለሙያዎች አሉ፤ መከራከሪያቸውም ቀላል አይደለም። ድሃ ሆኖ ዓይነት 1 የያዘውን ሰው በምን እንለየዋለን ይላሉ። የሚለየው የደም ምርመራ አለ። አንዱ ሰውነት የራሱን ቆሽት እያጠቃ እንደሆነ፣ ሌላው ቆሽቱ ምን ያህል ኢንሱሊን እንደሚያወጣ ያሳያል። ገበሬው መድኃኒቱን በሚወስድበት ጤና ጣቢያ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ጣት ወግቶ ስኳር የሚለካው መሣሪያ ነው፤ እሱም ስትሪፑ ካላለቀ። ፌዴሬሽኑ የመለያና የሕክምና መመሪያ እንዲያወጣ የባለሙያዎች ቡድን አቋቁሟል። መመሪያው ያን ውድ ምርመራ የግድ የሚል ከሆነ፣ በ2009 ፋይሉ ይከፈት ያሉት ሐኪሞች በሽተኞቻቸውን በአዲሱ ስም ለመጥራት ገና ብዙ ይጠብቃሉ።