የቤት ሶላር ኃይል መቀነስ
የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ (ሶላር ፓኔል) ከሚጠበቅበት በታች ኤሌክትሪክ ሲያመነጭ የሚታይ ችግር። በሰሌዳው ጀርባ የተጻፈው ዋት በካሬ ሜትር 1000 ዋት ብርሃንና በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተለካ ነው፤ ስለዚህ በጋለ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወይም በክረምት ደመና ማነሱ ብልሽት አይባልም። ክፉው ጥላ ነው። ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው፣ በጥቂቶቹ ላይ ያረፈ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጥላ የሌሎቹንም ምርት ይቀንሳል። የበጋ አቧራ ሰሌዳው ሳይግል፣ በማለዳ፣ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይታጠባል። በኢትዮጵያ ሰሌዳው በመጠኑ ወደ ደቡብ ያዘነብላል። የላላ ወይም የዛገ ማያያዣና ለርቀቱ የቀጠነ ሽቦም ኃይል ይበላሉ። ብዙ ጊዜ ግን ሰሌዳው የሚወቀሰው በባትሪው ጥፋት ነው፦ ቀን በደንብ ተሞልቶ ማታ ቶሎ የሚደክም የእርሳስ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ ነው።