መርከቡ መጣ፣ ፋብሪካው ቀረ

የኢንዱስትሪ አብዮት ሲነሳ ወዲያው የምናስበው እንግሊዝን ነው፤ ቀጥሎ አሜሪካን። ባሮ ወንዝን የሚያስብ የለም። እስቲ ካርታ አውጡና ነጭ ዓባይን ከካርቱም ወደ ላይ ተከተሉት። ሶባት ጋ ስትደርሱ ወደ ምሥራቅ ታጠፉ፣ ናስርን እለፉ፣ ባሮ ውስጥ ትገባላችሁ። ይህን የምጽፍባት ማታር ያለችበትን የኑዌር አገር አቋርጣችሁ፣ ኢታንግን አልፋችሁ ጋምቤላ ትደርሳላችሁ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእንፋሎት መርከብ በዚሁ መስመር ጨውና ጨርቅ ይዞ ይመጣ፣ ቡና ጭኖ ይመለስ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መርከቡም፣ ጨርቁም፣ ጠመንጃውም እዚህ ደርሰው ነበር። ያልደረሰው ፋብሪካው ነው። ለምን? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ አሜሪካ ደርሰን እንመለስ። እሷም እኮ አንድ ሰሞን የሰው አገር ጨርቅ ሸማች ነበረች።

እንግሊዝ የጥጥ መፍተያ ማሽኖቿ ከአገር እንዳይወጡ፣ ባለሙያዎቿም እንዳይሰደዱ በሕግ ከልክላ ነበር። ሳሙኤል ስሌተር የተባለ ወጣት ግን የማሽኑን አሠራር በጭንቅላቱ ይዞ ወጣ። በ1790 ሮድ አይላንድ ውስጥ፣ ፓውታኬት ላይ፣ በውሃ ኃይል የሚሠራ መፍተያ ተከለ። ከእሱ በኋላ ደግሞ ፍራንሲስ ካቦት ሎዌል የተባለ የቦስተን ነጋዴ እንግሊዝ ሄዶ የሽመና ማሽኖቹን አይቶ በቃሉ ያዘ። ሲመለስ ፖል ሙዲ ከተባለ መካኒክ ጋር ሆኖ ዋልታም ላይ ጥጥ ገብቶ ጨርቅ የሚወጣበት ፋብሪካ አቆመ፤ በ1814 መፍተሉም ሽመናውም በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነ። ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ነገሩን እንዲህ ነው የማየው፦ እነዚህ ሰዎች አፑን አይደለም የወሰዱት፣ ኮዱን ነው።

ዕውቀት ብቻውን ግን አልበቃም። በ1816 የአሜሪካ ኮንግረስ ከውጭ በሚገባ የጥጥ ጨርቅ ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣለ። ሕጉ ርካሹን ጨርቅ ከዋጋው በላይ ስለሚገምተው በእሱ ላይ የሚከፈለው በተግባር ከዚያም ይበልጥ ነበር። ሎዌል ራሱ ዋሽንግተን ሄዶ ለዚህ ሕግ ተሟግቷል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዋጋውን የከፈሉት ሌሎች ናቸው። በስሙ በተሰየመችው የሎዌል ከተማ ፋብሪካዎች ውስጥ የገበሬ ልጆች የሆኑ ወጣት ሴቶች በቀን 12 ሰዓት ገደማ ይሠሩ ነበር። በ1834 ደመወዛቸው ሊቀነስ ሲል ሥራ አቁመው አደባባይ ወጡ። ጥጡስ? እሱ የሚመጣው ከደቡብ ነው። ኤሊ ዊትኒ በ1793 ጥጡን ከፍሬው የሚለይ ማሽን ከሠራ በኋላ የጥጥ እርሻ ተስፋፋ፤ እርሻው በተስፋፋ ቁጥር ባርነትም አብሮ ተስፋፋ። በ1790 ወደ 700 ሺህ የነበረው በባርነት የተያዘ ሕዝብ በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ደረሰ። ማሽን ሰውን ያሳርፋል ሲባል ይህም አብሮ ይታሰብ።

የአሜሪካ ጨርቅ እኛም ጋ መጣ። አቡጀዲ ያልነው እሱን ነው፤ በስዋሂሊ ደግሞ ከነአገሩ «መሪካኒ» ብለውታል። በ1903 መጨረሻ ሮበርት ስኪነር የሚባል የአሜሪካ ቆንስል አዲስ አበባ መጥቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተዋዋለ። ካመጡት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ጨርቅ ኢትዮጵያ ውስጥ ያገኘው ሰፊ ገበያ ነበር።

አሁን ወደ ባሮ እንመለስ። በ1902 ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል፣ ኢታንግ አካባቢ በወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማያልፍ መሬት ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያነት እንዲከራይ ተፈቀደ። ኪራዩ የሚቆየው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነው። ጣቢያው በ1904 ጋምቤላ ላይ ተከፈተ። ከጎሬና ከሳዮ ቡናው በበቅሎና በሰው ጫንቃ ቁልቁል ይወርዳል፤ የግሪክና የሶሪያ ነጋዴዎች ይረከባሉ፤ ወንዙ በሞላባቸው የክረምት ወራት መርከቡ ጭኖ ይሄዳል። በጋ ሲገባ ውሃው ይጎድላል፣ መርከቡም ይቀራል።

መርከቡን ማን ይጠግነው ነበር? ካርቱም። መርከቦቹ የሱዳን መንግሥት ናቸው፤ የጥገና ግቢያቸውም ካርቱም ሰሜን ነበር። ነገሩ ሁሉ እዚህ ጋ ነው ያለው። የመርከቡ ጭስ ባሮ ላይ ታየ፣ ሙያው ግን ከመርከቡ ጋር መጥቶ ከመርከቡ ጋር ተመለሰ። ቀኑ ሲደርስ ሊመለስ በተከራየ መሬት ላይስ ማን ፋብሪካ ይተክላል? በዚያ ላይ በ1908 ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው የክሎቡኮቭስኪ ውል በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ አሰረ፤ ሌሎቹም መንግሥታት በዚያው ተጠቀሙ። አሜሪካ ፋብሪካዋን ያሳደገችበት በር ለእኛ በውል ተዘጋ ማለት ነው።

ለውጥ አልነበረም ማለቴ ግን አይደለም። በተለይ ጠመንጃው የሰውን ኑሮ ገለባብጦታል። የአኝዋ መኳንንት በዝሆን ጥርስ የገዙት ጠመንጃ በአካባቢው የነበረውን የኃይል ሚዛን ቀየረ። በ1911 አክዌይ ዋ ቻም የሚባለው የአኝዋ መሪ በኑዌሮች ላይ ዘመተ፤ በ1912 ደግሞ እንግሊዞች አኝዋን ለመቅጣት የላኩት ጦር ከባድ ጉዳት ደርሶበት ተመለሰ። የሎዌል ሴቶች ከፋብሪካው ጥቂትም ቢሆን ደመወዝ አግኝተዋል። ባሮ ዳር ያለው ሰው ከሩቅ አገር ፋብሪካዎች የደረሰው ጥይት ነው። በጎረቤታሞች መካከል ያ ጊዜ የተወው ቁስል ዛሬም ጨርሶ አልጠገገም።

ሱዳን በ1956 ነፃ ስትወጣ ውሉ አበቃ፣ ጋምቤላም በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ንግዱ ግን እየቀዘቀዘ ሄደ፤ የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት መጣ፣ ቡናውም ፊቱን ወደ አዲስ አበባ መንገድ አዞረ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት የእንፋሎት ዘመን በኋላ ከተማዋ ውስጥ መርከብ የሚሠራ ቤት አልቀረም። ፓውታኬት ላይ አንድ መፍተያ በተከለ ሰው ዙሪያ ግን ሌሎች ተምረው የየራሳቸውን ተክለዋል።

ዛሬም መንገድ ይመጣል፣ ኔትወርክ ይመጣል፣ ባሮ እንደገና የመርከብ መስመር ይሁን ይባላል። ይምጣ፤ እኔም ከሚጠብቁት አንዱ ነኝ። ግን ቃል የሚገባልንን ሁሉ አንድ ነገር ብንጠይቀው ጥሩ ነው፦ ሞተሩ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው የት ነው የሚማረው? መልሱ ማታር ወይ ጋምቤላ ካልሆነ፣ የሚመጣው ያው የድሮው መርከብ ነው።