«ዊሽ»፦ ምኞትና ጸጸት በእንግሊዝኛ ሰዋስው

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ የበልግ ዝናብ ሲዘገይ ገበሬው ሰማዩን እያየ «ምነው በዘነበ!» ይላል። በዚህ አጭር አነጋገር ውስጥ ብዙዎቻችን ልብ የማንለው ነገር አለ። «ዘነበ» የኃላፊ ጊዜ ግስ ነው፤ ዝናቡ ግን አልዘነበም። ተናጋሪው ያለፈ ነገር እየተረከ ሳይሆን የሌለ ነገር እየተመኘ ነው። አማርኛ እንዲህ ያለውን ምኞት ለመግለጽ ግሱን ወደ ኃላፊ ጊዜ ይመልሰዋል። እንግሊዝኛም «ዊሽ» ከሚለው ቃል በኋላ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ከመሐል ሜዳም ይምጣ ከግሼ ራቤል ወይም ከዓለም ከተማ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ትምህርቱንም ፈተናውንም የሚያገኘው በእንግሊዝኛ ነው። «ዊሽ» ደግሞ ከሚያደናግሩት ርዕሶች አንዱ ነው። ባስተማርኩባቸው ዓመታት እንዳየሁት ተማሪው የሚሳሳተው ሕጉ ከባድ ስለሆነ አይደለም። በአማርኛ አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር መሆኑን የሚነግረው ስለሌለ ነው።

ዋናው ሕግ

ከ«ዊሽ» በኋላ የሚመጣው ግስ ከምንናገርለት ጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለ አሁን ከሆነ ወደ ኃላፊ፣ ስላለፈ ከሆነ ደግሞ ከኃላፊም ወደ ኋላ ይሄዳል።

1. አሁን ስለሌለ ነገር። ግሱ ሲምፕል ፓስት ይሆናል። ቤቱ ከትምህርት ቤት የራቀ ተማሪ «አይ ዊሽ አይ ሊቭድ ኒር ዘ ስኩል» ይላል፤ «ምነው ለትምህርት ቤቱ ቅርብ በሆንኩ» እንደማለት ነው። «ሊቭድ» ኃላፊ ቢመስልም የሚናገረው ስለ ዛሬ ነው። «አይ ዊሽ አይ ሊቭ» ማለት ስሕተት ነው። በ«ቱ ቢ» ግስ ጊዜ ደግሞ መደበኛው እንግሊዝኛ ለሁሉም መደብ «ዌር»ን ይመርጣል፦ «አይ ዊሽ ማይ ፋዘር ዌር ሂር»፤ «ምነው አባቴ እዚህ በነበረ»። በንግግር «ዎዝ» ሲባልም ይሰማል፤ በጽሑፍና በፈተና ግን «ዌር» ይሻላል።

2. ስለ ችሎታ። «ካን» ወደ «ኩድ» ይለወጣል፦ «አይ ዊሽ አይ ኩድ ሪድ አረቢክ»፤ «ምነው ዐረብኛ ማንበብ በቻልኩ»።

3. ስላለፈ ነገር፣ ማለትም ስለ ጸጸት። ግሱ ፓስት ፐርፌክት ይሆናል፤ «ሃድ» ከሦስተኛው የግስ ቅርጽ ጋር ይመጣል፦ «አይ ዊሽ አይ ሃድ ስተዲድ ሃርደር»፤ «ምነው በርትቼ ባጠናሁ ኖሮ»። በአማርኛ «ኖሮ» የሚሠራውን ሥራ በእንግሊዝኛ «ሃድ» ይሠራዋል። አውቶቡስ ያመለጣት ልጅ ደግሞ «ሺ ዊሽስ ሺ ሃድንት ሚስድ ዘ ባስ» ይባልላታል። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «የስተርደይ» ወይም «ላስት ይር» ካለ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ሃድ» ያለበት ነው።

4. ሌላው ሰው ወይም ሁኔታው እንዲለወጥ ስንፈልግ። «ዊል» ወደ «ዉድ» ይለወጣል። የመንዙ ገበሬ ምኞት በእንግሊዝኛ «አይ ዊሽ ኢት ዉድ ሬይን» ይሆናል። በሰው ድርጊት ስንማረርም ይኸው ነው፦ «አይ ዊሽ ዩ ዉድ ሊስን»፤ «ምናለ ብታዳምጠኝ»። ስለ ራሳችን ስንናገር ግን «አይ ዊሽ አይ ዉድ» አይባልም፤ በቦታው «ኩድ» ይገባል።

«ዊሽ» ራሱ ወደ «ዊሽድ» ቢለወጥም ተከታዩ ግስ በዚህ ምክንያት አይቀየርም። ጸጸቱን ማጠንከር ስንፈልግ ደግሞ «ዊሽ»ን ትተን «ኢፍ ኦንሊ» እንላለን፤ የግሱ ሕግ አንድ ነው።

ሕጉ የማይሠራባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። «አይ ዊሽ ቱ አፕላይ» በማመልከቻ ላይ «ማመልከት እፈልጋለሁ» ለማለት የሚጻፍ የአክብሮት አነጋገር ነው። «አይ ዊሽ ዩ ኤ ብለስድ ኢድ» ደግሞ መልካም ምኞት መግለጫ ነው። በሁለቱም ውስጥ የሌለ ነገር ስለማይነገር ግሱ ወደ ኋላ አይመለስም።

«ዊሽ» እና «ሆፕ»፤ «ለይተ» እና «ለዐለ»

ትልቁ ስሕተት «ፈተናውን እንደማልፍ ተስፋ አደርጋለሁ» ለማለት «አይ ዊሽ አይ ዊል ፓስ» ማለት ነው። ሊሆን ለሚችል ነገር ቃሉ «ሆፕ» ነው፦ «አይ ሆፕ አይ ፓስ»። ነሕው የቀራ ሰው ይህን ልዩነት ያውቀዋል። የዐረብኛ ሊቃውንት «ተመኒ»ን እና «ተረጂ»ን ይለያሉ። «ለይተ» የማይሆንን ወይም እጅግ የራቀን ነገር ለመመኘት ነው፤ ሽማግሌ ወጣትነቱ እንዲመለስ እንደሚመኘው። «ለዐለ» ደግሞ ይሆናል ተብሎ ለሚጠበቅ ነገር ነው። «ዊሽ»ን ከ«ለይተ»፣ «ሆፕ»ን ከ«ለዐለ» ጋር አያይዞ የያዘ ተማሪ ሁለቱን አያምታታም።

በቁርኣንም «ለይተ» የጸጸት ቃል ሆኖ ይመጣል። በሱረቱ ነበእ መጨረሻ ከሓዲው አፈር ሆኖ በነበረ ብሎ ይመኛል፤ በሱረቱል ፈጅር አንቀጽ 24 ደግሞ ሰው ለሕይወቱ መልካም ሥራ ባለማስቀደሙ ይቆጫል። ሁለቱም ምኞት የሚነገረው ዕድሉ ካለፈ በኋላ ነው።

ሙስሊም «ምነው ኖሮ» ማለት ይችላል?

ሶሒሕ ሙስሊም ውስጥ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ችግር ሲደርስብን «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» እንዳንል አስተምረዋል፤ «ለው» የሚለው ቃል ለሸይጧን ሥራ በር ይከፍታልና። በሌላ በኩል ቡኻሪ በሶሒሓቸው «ኪታቡ ተመኒ» የሚል ራሱን የቻለ ክፍል አላቸው፤ በውስጡም ከ«ለው» የተፈቀደውን የሚመለከት ባብ ይገኛል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው በመሰናበቻው ሐጅ፣ ኋላ ያወቁትን አስቀድመው ቢያውቁ ኖሮ የመሥዋዕት እንስሳውን ይዘው ባልመጡ እንደነበር ተናግረዋል። ኢማሙ ነወዊ ሁለቱን ሲያስታርቁ፣ ላመለጠ የአላህ ትእዛዝ በመቆጨት የተነገረ «ለው» ችግር እንደሌለበት ገልጸዋል። የተከለከለው ቀደርን የሚቃወምና ልብን የሚያደክመው ነው።

ይህ ለተማሪዎቻችን የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ተማሪዎች፣ ማለትም ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በዚያ ዓመት በየቤቱ ስንት ጊዜ «ምነው ኖሮ» ተብሎ ይሆን! «ምነው ባልተፈጠርኩ» የሚያሰኝ ጸጸት ሰውን ይጥለዋል። «ምነው ባጠናሁ ኖሮ» ብሎ ነገ ማለዳ መጽሐፉን የሚያስገልጥ ጸጸት ግን ወደ ተውባ የቀረበ ነው። በደልን መጸጸት፣ መተውና ዳግም ላለመመለስ መቁረጥ የተውባ መስፈርቶች ናቸውና።

እንግዲህ «ዊሽ» ያለበት ጥያቄ ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁ። ነገሩ ሊሆን የሚችል ነው? ከሆነ «ሆፕ» ነው። የሌለው ነገር የዛሬ ነው? ከሆነ ግሱን ወደ ኃላፊ መልሱ። ያለፈ ነው? እንግዲያው «ሃድ» ጨምሩ። ጥርጣሬ ሲገባችሁ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ «ምነው» ብላችሁ ጀምሩት፤ «ኖሮ» ከፈለገ «ሃድ»ም ይፈልጋል።

ወላሁ አዕለም።