ተከዜ ላይ አንድ ቀን

የእብናት ልጅ ውሃን የሚያውቀው በእንስራና በክረምት ጎርፍ ነው። ጀልባ የሚባል ነገር የሚያየው ጣና ከወረደ ብቻ ነው። ጎረቤታችን ደብረ ታቦር ከተማቸው የነበረው አፄ ቴዎድሮስ እንኳ በ1858 ዓ.ም. ዘጌ ላይ የደንገል ጀልባ በመዘውር ለማስኬድ ሞክረው ነበር፤ ነገሩ ከሙከራ አላለፈም። እንግዲህ እኔ በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሙሉ ቀን በሞተር ጀልባ ስንሸራሸር ዋልሁ ስል የአገሬ ሰው ቢስቅብኝ አልፈርድበትም። ያውም በጣና አይደለም፤ በተከዜ ገደል ውስጥ!

ለሥራ ጉዳይ በጋሸና በላሊበላ ዞሬ ሰቆጣ ገብቼ ነበር። እዚያ ያለ ወዳጄ "ሐይቁን ሳታይ አትመለስም" ብሎ ያዘኝ። ወደ ዝቋላ ወረዳ ወረድን። ቆላው ይፈጃል። ከመኪና ወርደን ቁልቁለቱን በእግር ስንጨርስ፣ በሁለት ግዙፍ ገደሎች መሐል የተዘረጋ ሰማያዊ ነገር ታየኝ። ለአፍታ ያህል ሰማይ የወደቀ መሰለኝ።

ሐይቁን ሰው ነው የሠራው። ተከዜ ዋግንና ትግራይን እያዋሰነ በሚወርድበት ጠባብ ገደል ላይ ቻይናውያን 188 ሜትር ከፍታ ያለው፣ እንደ ቀስት የጎበጠ የኮንክሪት ግድብ ሠሩ። በ2001 ዓ.ም. ሲያልቅ የሌሴቶን ካትሴ ግድብ በ3 ሜትር በልጦ ከአፍሪካ ረጅሙ ተባለ፤ በኋላ ግልገል ጊቤ ሦስት ማዕረጉን ወሰደበት። ኅዳር 2002 ዓ.ም. ተመረቀ። 300 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ከጀርባው 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ መያዝ ይችላል። ዘጠኝ ቢሊዮን! ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ካፒቴናችን ሃያ ዓመት ያልሞላው ዓሣ አጥማጅ ነው። ቀረሶና አምባዛ ያወጣል። አባቱ ፍየል ጠባቂ ነበሩ፤ እሱ መረብ ወራሽ ሆነ። ሞተሩ ሲነሳ ልቤም አብሮ ተነሳ። በግራ በቀኝ ገደሉ እንደ ግንብ ቆሟል፤ የእጣን ዛፎች በስንጥቁ ላይ ተንጠላጥለዋል፤ ድሮ አምባ የነበሩት ደሴት ሆነዋል። ውሃው ሸሽቶ ስለነበር ገደሉ ወገብ ላይ ነጭ መቀነት ትቷል። ውበቱን ለመናገር ቃል ያጥረኛል፤ ስለዚህ አልሞክርም።

ሊቃውንቱ ተከዜ ማለት በግዕዝ ወንዝ ማለት ነው ይላሉ። "ወንዝ" ካልክ እሱ ነው፤ ሌላ ስም አላስፈለገውም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና የኖባ ዘመቻውን ድንጋይ ላይ ሲያስጽፍ ተከዜን ጠቅሶታል። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ራስ እምሩ ከዚህ ወደ ታች ባለው ቆላ ወንዙን ተሻግረው ደምበጉና ላይ የጣሊያንን ጦር ከነታንኮቹ ድል አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ አሜሪካዊው ሪቻርድ ባንግስና ጓደኞቹ በጎማ ጀልባ ወርደውበታል፤ መጽሐፍም ጽፎበታል። እነሱ የቀዘፉበት አረፋማ ወንዝ ግን ከፊሉ ዛሬ ከሐይቁ ሥር ነው። መልካዎቹም እንዲሁ። ድሮ በበጋ ሱሪውን ሰብስቦ በእግሩ ይሻገር የነበረው ገበያተኛ አሁን ጀልባ ይለምናል።

እኛንም አንድ ጎልማሳ ከዳር ቆመው ለመኑን፤ ጫንናቸው። አያ ልበላቸው። ቢጫ ጄሪካናቸውን ጉልበታቸው መሐል ይዘው ተቀመጡ። በኽምጥኛ ከካፒቴኑ ጋር ጥቂት ተጫወቱና ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቱ የየት አገር ሰው ነዎት?"

"የእብናት።"

ዝም አሉ። ሞተሩ ብቻ ይጮኻል። ቆይተው "እናቴን እዚያ ነው የቀበርኋት" አሉኝ።

በ1977 ዓ.ም. የዓለም ጋዜጦች የእብናትን ስም የጠሩት ለደግ አልነበረም። ከዋግ፣ ከላስታ፣ ከበለሳ ረሃብ የነቀለው ሕዝብ ከከተማችን ዳር ባለው መጠለያ ሰፍሮ ነበር። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። በሚያዝያ ማለቂያ ላይ "ዝናብ ጥሏል፤ አገራችሁ ገብታችሁ እረሱ" ተባለና በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ30 ሺህ የሚበልጥ ሰው በግድ ተባረረ፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። ወሬው ባሕር ማዶ ሲሰማና ጩኸቱ ሲበዛ መንግሥት የአካባቢው ሹማምንት ስህተት ነው አለ። ስህተቱን የሠሩት እንጂ የከፈሉት አይደሉም ይቅርታ የጠየቁት፤ እሱንም ከጠየቁ።

አያም በእግራቸው ከተመለሱት አንዱ ናቸው። "ዘወር ብዬ ጭሱን አየሁት። ከዚያ ይህን ተከዜ እዚሁ ከሥራችን በእግሬ ተሻገርሁት። እስከ ቁርጭምጭሚት እንኳ አልደረሰም" አሉ፣ በጣታቸው ውሃውን እየነኩ። ከዚያ ፈገግ ብለው "የእብናት ሰው ደግ ነው፤ ንፍሮ ይሰጠን ነበር። ውሃ ግን በገንዘብ ነበር የምንገዛው" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ንፍሮ በእንቅብ የሚያወጣ ቤት ነበር፤ ውሃ በጣሳ የሚሸጥም ነበር። የእኛም ቤት ሸጧል። ጣሳውን ይዤ የምቆመው እኔ ነበርሁ። ይህን ልነግራቸው አፌን ከፈትሁና ስለ ዓሣው ዋጋ ጠየቅኋቸው።

ያ እኔ የተንሸራሸርሁበት 2008 ዓ.ም. ራሱ የኤልኒኖ ዓመት ነው፤ በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ የጠበቀበት፣ ዋግ ክፉኛ ከተጎዱት አንዷ የነበረችበት። ዘጠኝ ቢሊዮን ያዙልኝ ያልኋችሁ ለዚህ ነው። ግድቡ የተሠራው ለመብራት ነው፤ ውሃው ከገደሉ ሥር ተኝቷል፣ ማሳው ከገደሉ አናት ላይ። አሠራሩ እንዲህ ሆኖ ውሃውን ማን ወደ ላይ ያወጣዋል? የእኛው የርብ ግድብም ከደጃችን ውሃ ያቁርና ወደ ፎገራ ሜዳ ይሰድዳል። ፎገራ ይጠጣ፣ አልመቀኝም፤ ውሃ ቁልቁል ነው የሚሄደው።

ወደ ማምሻው ከማዶ ደረስን። አያ ከመውረዳቸው በፊት ጄሪካኑን ሐይቁ ውስጥ ነከሩት፤ እየተንቦጨቦጨ ሞላ። በገመድ ጀርባቸው ላይ አሰሩት። ሽቅብ ባየሁ ጊዜ የገደሉ ጫፍ አይታይም። እርሻቸው እዚያ ላይ ነው አሉ።

"ስንት ሰዓት ያስኬዳል?" አልኋቸው።

"ሦስት ሰዓት። ባዶ ከሆንሁ ሁለት።"

እሽክም አሉና መንገዱን ያዙት። ካፒቴኑ ሞተሩን አስነሳ።