ዘይት የሚበላ ሞተርና የእንጦጦ ዳገት

«መኪናው ዘይት ይበላል» ማለት ዛሬ ዋጋውን የሚያወርድ ስም ማጥፋት ነው። መጀመሪያ ላይ ግን የሞተር ተፈጥሮው ነበር።

ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ ሲደፉ ያንን ዳገት የሚያውቀው በቅሎና እግረኛ ነው። መኪና ለማየት 18 ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረባቸው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ መኪና ይዞላቸው አዲስ አበባ ገባ። በዚያ ዘመን በብዙ ሞተሮች ውስጥ ዘይቱ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል፣ ብረቱን ያለሰልሳል፣ ከዚያ ተቃጥሎ በጭስ ይወጣል። ማንም «ተበላሸ» አይልም፤ ሹፌሩ እየጨመረ ይሄዳል። አንዱን ዘይት ከሥር አጠራቅሞ መልሶ መላልሶ የሚጠቀም ሞተር የተለመደው ቆየት ብሎ ነው። የዘይት መጉደል እንደ በሽታ የተቆጠረውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ጣሊያን በ1928 ሲገባ የጭነት መኪናውንም ጋራዡንም ይዞ መጣ። በ1933 ወጣ፤ ቃላቱ ግን ቀሩ። ዛሬም ጋራዥ ብትገቡ ሻማው ካንዴላ ነው፣ የሞተሩ ራስ ቴስታታ ነው፣ የጭስ ማፈኛው ማርሚታ ነው። ቃሉም ሙያውም ከእጅ ወደ እጅ ነው የተላለፈው። ልጁ መፍቻ እያቀበለ፣ መኪና ሥር እየተኛ ይማራል። በዚህ መንገድ ስንት ላዳ ከዕድሜዋ በላይ ታክሲ ሆና ኖራለች! እንደ እኔ ግን ከዚህ ውርስ አንድ ነገር ጎድሏል፤ መለካት። ሰማያዊ ጭስ ታየ? «ሪንግ ጨርሷል፣ ሞተሩ ይውረድ።» አለቀ፣ ፍርዱ ተሰጠ።

ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርጎ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው መንገድ፣ በእኔ እምነት፣ ጥሩ መመርመሪያ መሣሪያ ነው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ከኋላችሁ የሚያይላችሁ ሰው ይዛችሁ ውጡ። ዳገቱ ላይ፣ ጭነት ሲበዛበት፣ ሳያቋርጥ ሰማያዊ የሚያጨስ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፒስተን ሪንግ ይሄዳል። አሁን ደግሞ ነዳጁን ለቃችሁ በማርሽ ይዛችሁ ውረዱ። የአየር መግቢያው ስለተዘጋበት ሞተሩ ያገኘውን ሁሉ በኃይል ይስባል፤ የቫልቮቹ የጎማ ሲል ካረጀ ዘይት በቫልቩ ዘንግ ተስቦ ይገባል። ታች ደርሳችሁ ነዳጅ ስትረግጡ ቡፍ ብሎ ይወጣል። አድሮ ጠዋት ሲነሳ ጥቂት አጭሶ የሚተወውም የዚሁ ዘመድ ነው። ሲሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ሳይወርድ ይቀየራል።

ከዚያም በፊት ርካሹን ማየት ነው። ከሥር የሚያፈስ አለ? ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን ትንፋሽ ወደ አየር መሳቢያው የሚመልሰው ፒሲቪ ቫልቭ በቆሻሻ ተደፍኗል?

ቀጥሎ የኮምፕሬሽን ልኬት ይመጣል። እዚህ ላይ ከፍታችን ያታልላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላለች፤ የእንጦጦ አናት ከ3,000 ያልፋል። ከተማዋ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳሩ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ መጽሐፉ 13 ባር የሚለው ጤነኛ ሞተር እኛ ዘንድ 10 ገደማ ቢያሳይ አይገርምም። መጽሐፉን ብቻ ያየ ሰው ደኅናውን ሞተር ሊፈታው ይችላል። የሚሻለው ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ማወዳደር ነው። አንዱ ከሌሎቹ ከወረደ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ሪንግ፣ ካልተነቃነቀ ቫልቭ።

ኮምፕሬሽኑ ደኅና ሆኖ ዘይት የሚበላም አለ፤ ዘይት የምትጠርገዋ የታችኛዋ ሪንግ በካርቦን ስትያዝ። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ በካምሪና በራቭ ፎር ላይ የተገጠሙ የቱኤዜድ ሞተሮችን ፒስተንና ሪንግ በራሱ ወጪ ሲቀይር መመዘኛው ጭስ አልነበረም። በ1,200 ማይል፣ ማለትም በ1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አንድ ሊትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ዘይት ከጎደለ ይጠገናል። ቁጥር ነው የፈረደው።

ይህ ለእኛ አሁን ለምን ይጠቅመናል? አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጁ መኪኖች ላይ ኤክሳይዝ ታክሱን ሰቀለው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ኤሌክትሪክ መግዛት የማይችለው ሰው ያለችውን ቪትዝ ወይም ኮሮላ ይዞ ነው የሚያረጀው። ያለ ምክንያት የወረደ አንድ ሞተር የአንድ ቤተሰብ ቁጠባ ነው።

ስለዚህ ደብተር ያዙ። ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ፣ ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉና ኪሎ ሜትሩን ጻፉ። 1,000 ኪሎ ሜትር ስትነዱ እዚያው ቦታ ላይ መልሳችሁ ለኩ፤ መሐል ላይ ወደ ታችኛው ምልክት ከወረደ ግን ሙሉ፣ የጨመራችሁትንም ጻፉ። መካኒኩ «ስንት ይበላል?» ሲላችሁ «ኧረ ብዙ!» አትበሉት፤ ቁጥሩን ስጡት።