ሙቀቱ የማን ነው? የግራፊክስ ካርድ ማቀዝቀዣ አጭር ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1996 ሥሪዲኤፍኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ቩዱ ግራፊክስ» የተሰኘውን ካርድ ለገበያ ባቀረበ ጊዜ በካርዱ ላይ የነበሩት ቺፖች ራቁታቸውን ነበሩ። ማራገቢያ ይቅርና ሙቀት የሚቀበል የአሉሚኒየም ክንፍ እንኳ አልተደረበባቸውም። በ50 ሜጋኸርዝ ይሠራ የነበረው ያ መሣሪያ የሚያመነጨውን ሙቀት በዙሪያው ያለው አየር ማንም ሳያግዘው ይወስደው ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዩዋሪ 2025 የወጣው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 5090 ግን ብቻውን እስከ 575 ዋት ይወስዳል። ይህም አንዲት የ1000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ ከምትፈጀው ከግማሽ የሚበልጥ ኃይል ነው፤ ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ የሚለወጠውም በጠረጴዛ ሥር በተቀመጠ ሣጥን ውስጥ ነው።

በእነዚህ ሁለት ካርዶች መካከል ያለውን ዘመን ብዙዎች የፍጥነት ታሪክ አድርገው ያወሩታል። እኔ በዚህ ጽሑፍ በሌላ በኩል ልመለከተው እሻለሁ፤ ይኸውም ሙቀቱን ከቺፑ ላይ አንሥቶ ከኬዙ ውጭ የማድረሱ ኃላፊነት ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደተላለፈ ነው። ጉዳዩ የጨዋታ አፍቃሪዎች ብቻ ነው የሚል የሙያ ባልደረባ ቢኖር፣ በዛሬው ጊዜ የሕንፃ ንድፍ የሚሥሉትም፣ የውሃ ፍሰት የሚያሰሉትም ኮምፒዩተሮች እነዚህኑ ካርዶች እንደሚሸከሙ ያስታውስ።

የችግሩ ሥር ከግራፊክስ ካርድ በፊት የተተከለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የፒሲአይ መሰኪያ ሲወጠን ከቀድሞው የአይኤስኤ መሰኪያ ጋር አንድ የጀርባ ቀዳዳ እንዲጋራ ተፈለገ። ይህ እንዲሳካ የፒሲአይ ካርድ ቺፖች ከአይኤስኤው በተቃራኒ ፊት እንዲሰፈሩ ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1995 ኢንቴል የኤቲኤክስን የማዘርቦርድ ደረጃ ሲያወጣም ይኸው አቀማመጥ ቀጠለ። ውጤቱ ምን ሆነ? በቁም በሚቀመጥ ኬዝ ውስጥ የካርዱ ቺፕ ፊቱን ወደ መሬት ደፍቶ ቀረ። ሙቅ አየር ወደ ላይ እንደሚወጣ ማንም ያውቃል፤ ካርዱ ግን በገዛ ሙቀቱ ላይ እንደ ክዳን ተከድኖ ይውላል። በጊዜው የካርድ ሙቀት ከቁም ነገር የሚቆጠር ስላልነበረ ውሳኔውን ያሳለፉትን መሐንዲሶች ለመውቀስ አልቸኩልም። የሆነው ሆኖ እስከ ዛሬ ድረስ የምንከፍለው ዕዳ ከዚያ የመጣ ነው።

ኤቲኤክስ ሌላም የሚያስገርም ነገር ነበረው። በመጀመሪያዎቹ ዝርዝሮቹ የፓወር ሰፕላዩ ማራገቢያ ከውጭ አየር ስቦ በፕሮሰሰሩ ላይ እንዲነፋ ይመከር ነበር። አየሩ ግን በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ሲያልፍ ሞቆ ይደርሳል። ስለሆነም ሐሳቡ ተለወጠና ማራገቢያው ወደ ውጭ እንዲያስወጣ ተደረገ። የአየር ጉዞ በወረቀት ላይ በተሣለ ቀስት ብቻ እንደማይመራ የተማርነው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ኤንቪዲያ ጂፎርስ 256ን ሲያወጣ በቺፑ ላይ አነስተኛ ክንፍና ማራገቢያ ተቀምጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የኤቲአይ ራዲዮን 9700 ፕሮ ደግሞ ከመሰኪያው የሚያገኘው ኃይል ስላልበቃው ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ ሽቦ ተዘረጋለት። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ጂፎርስ ኤፍኤክስ 5800 አልትራ ግን የታሪኩ መታጠፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ገበያ ላይ የዋለው ይህ ካርድ የሁለት መሰኪያ ቦታ የሚይዝ፣ ከኬዙ ጀርባ ቀዝቃዛ አየር ስቦ ሙቁን በዚያው በጀርባ የሚያስወጣ ማቀዝቀዣ ተሸክሞ መጣ። በሐሳብ ደረጃ እጅግ ትክክል ነበር፤ የራሱን አየር ከውጭ ያመጣል፣ የራሱን ሙቀት ወደ ውጭ ይጥላል፣ ጎረቤቱን አያስቸግርም። ጩኸቱ ግን የማይቻል ሆነ። ሰዎች የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ብለው ሰየሙት፤ ኩባንያው ራሱም በካርዱ ላይ የሚያሾፍ ቪዲዮ ሠራ። በእኔ አስተያየት ያ ሳቅ ከተገቢው በላይ ውድ ነበር፤ ምክንያቱም ከጩኸቱ ጋር መልካሙ ሐሳብም አብሮ ተሣቀበት።

ለምን በዚያ ወቅት? እ.ኤ.አ. በ1974 የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድና የሥራ ጓደኞቹ ባሳተሙት ጥናት መሠረት ትራንዚስተር ባነሰ ቁጥር የሚፈልገው ቮልቴጅም በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ በአንድ ስኩዌር ሚሊ ሜትር የሚመነጨው ሙቀት ሳይለወጥ ይቆያል። ኢንዱስትሪው በዚህ ሕግ ላይ ተደላድሎ ሠላሳ ዓመት ያህል ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2005 አካባቢ ግን ሾልኮ የሚያመልጠው ኤሌክትሪክ ስለበዛ ቮልቴጁን እንደልብ ማውረድ አልተቻለም። ትራንዚስተሩ ማነሱን፣ ቁጥሩም መብዛቱን ቀጠለ፤ ሙቀቱ ግን አብሮ አልቀነሰም። ይባስ ብሎ ቺፑ በሞቀ ቁጥር ሾልኮ የሚያመልጠው ኤሌክትሪክ ስለሚጨምር ሙቀት ራሱ ሙቀትን ይወልዳል።

ኢንቴል በዚህ ጭንቀት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 ቢቲኤክስ የተባለ አዲስ የማዘርቦርድ አቀማመጥ ለገበያ አበቃ። አየር ከፊት ገብቶ ፕሮሰሰሩንና ካርዱን እየዳሰሰ በቀጥታ መስመር ወደ ኋላ እንዲወጣ የታሰበ ነበር። ከሁሉም ይልቅ የሥርዓቱን ጉዳይ በሥርዓት ደረጃ ለመፍታት የሞከረው እርሱ ነው። ዳሩ ግን ፕሮሰሰሮቹ ራሳቸው ቀዝቀዝ ብለው መምጣት ሲጀምሩ እ.ኤ.አ. በ2006 ኢንቴል ዕቅዱን ተወው። ፕሮሰሰሩ እፎይ አለ፤ የግራፊክስ ካርዱን ያስታወሰው ግን አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በማርች 2010 የወጣው ጂቲኤክስ 480 ሦስት ቢሊዮን ትራንዚስተርና 250 ዋት ይዞ፣ በሥራ ላይ ከ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እያለፈ ሲታይ ብዙ ተወራ። እ.ኤ.አ. በ2013 ኤኤምዲ ራዲዮን አር9 290ኤክስን ሲያወጣ 95 ዲግሪ ጉድለት ሳይሆን በዕቅድ የተያዘ የሥራ ሙቀት መሆኑን ገለጸ። በዚያው ዓመት ኤንቪዲያ በጂቲኤክስ ታይታን ላይ የሙቀት ግብ 80 ዲግሪ ብሎ አስቀመጠ፤ ካርዱ ከዚያ በታች እስካለ ድረስ ፍጥነቱን ይጨምራል፣ ሲደርስበት ይቀንሳል። ይህ ለውጥ በቂ ትኩረት ያገኘ አይመስለኝም። ቀድሞ ሙቀት የመቃጠልና ያለመቃጠል ጉዳይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የፍጥነት መመንዘሪያ ሆነ። አንድ ዓይነት ካርድ የገዙ ሁለት ሰዎች እንደ ኬዛቸው አየር ሁኔታ ሁለት ዓይነት ፍጥነት ያገኛሉ ማለት ነው።

በእነዚሁ ዓመታት ሁለት የማቀዝቀዣ ወገኖች ተለይተው ወጡ። አንደኛው አየሩን በአንድ ከበሮ መሰል ማራገቢያ ገፍቶ በካርዱ ጀርባ ወደ ውጭ የሚያስወጣው ነው። ሁለተኛው ሁለት ወይም ሦስት ሰፋፊ ማራገቢያዎችን በክንፎቹ ላይ ደርድሮ ሙቀቱን እዚያው ኬዙ ውስጥ የሚበትነው ነው። ሁለተኛው ጸጥ ያለ ነው፣ ቺፑም በእርሱ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ በመጽሔቶች ፈተና ሁልጊዜ ያሸንፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ኤንቪዲያም ለአርቲኤክስ 2080 የራሱን ንድፍ ወደዚሁ ለወጠ። ነገር ግን ፈተናው ብዙውን ጊዜ በክፍት ጠረጴዛ ላይ ይደረግ ነበር። በተዘጋ ኬዝ ውስጥ ሙቀቱ አልጠፋም፤ ባለቤት ለወጠ እንጂ። የካርድ ሠሪው ሥራ የነበረው የኬዝ ሠሪው ሆነ፤ ኬዝ ሠሪው ደግሞ በዚያው ሰሞን ለውበት ሲል የኬዙን ፊት በመስታወት ይዘጋ ነበር። ስለዚህ ዕዳው ዞሮ ዞሮ በገዢው ላይ አረፈ። ከጊዜ በኋላ ባለ ወንፊት ፊት ያላቸው ኬዞች መመለሳቸው በጎ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው አርቲኤክስ 3080 የ320 ዋት ሙቀቱን ለማስወገድ ሰሌዳውን አሳጥሮ አንዱ ማራገቢያ አየሩን በክንፎቹ መካከል አሳልፎ ወደ ላይ እንዲያወጣ አደረገ። ከላይ በተነሣው የ1992 ውሳኔ ለተደፋው ካርድ ይህ የመጀመሪያው ሁነኛ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ክዳኑ ተበሳ። አርቲኤክስ 5090 ይህንኑ በሁለቱም ማራገቢያዎች ደገመው። የአቀማመጥ ነገር ግን ገና አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ኤኤምዲ በአንዳንድ የራዲዮን አርኤክስ 7900 ኤክስቲኤክስ ካርዶች የእንፋሎት ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ የገባው ውሃ አንሶ መገኘቱን አመነ፤ በእነዚህ ካርዶች የቺፑ እጅግ ሞቃት ነጥብ 110 ዲግሪ ይደርስ ነበር።

አሁን ወደ ስሌቱ ልመለስ፤ በዚህ ነጥብ አገራችንን የሚነካ ነገር አለና። ጠቅላላ 500 ዋት የሚያመነጭ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚያልፈው አየር ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በላይ እንዳይጨምር ከተፈለገ በሴኮንድ 50 ግራም ያህል አየር ማለፍ አለበት። በባሕር ወለል ላይ ይህ በደቂቃ 2.5 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ስለምትገኝ የአየሩ እፍጋት በሩብ ያህል ያንሳል፤ የሚያስፈልገውም 3.3 ሜትር ኩብ ይሆናል። ማራገቢያ በተወሰነ ዙር የሚገፋው የአየር መጠን እንጂ ክብደት ስላልሆነ፣ በሌላ አገር ለ10 ዲግሪ የተስተካከለ ኬዝ እዚህ 13 ዲግሪ ገደማ ያሳያል። የከተማችን ቀዝቃዛ አየር ይህን በከፊል ይክሳል። አቧራ ወንፊቱን ሲደፍነው ግን ካሣው ያልቃል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የሥነ ሕንፃ ንድፍ ቢሮ ሦስት ኮምፒዩተሮቹ ከቀትር በኋላ እየዘገዩበት አዳዲስ ካርዶች ለመግዛት አስቦ አስተያየቴን ጠየቀኝ። ኮምፒዩተሮቹ በሚያምር የዋንዛ ጠረጴዛ ሥር፣ በር ባለው ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ነበር። የካርዶቹ ሙቀት 86 ዲግሪ ላይ ቆሞ ፍጥነታቸው ወርዷል። በሩን ከፍተን ሃያ ደቂቃ ብንጠብቅ ወደ 73 ዲግሪ ወረደ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጥቂት ሲያመነታ ቆይቶ አናጢ አስጠራ፤ የሣጥኖቹ በርና የኋላ ገበታ ተነቀለ፤ ለካርድ መግዣ የተያዘውም ገንዘብ ከአናጢው የእጅ ዋጋ በቀር ሳይነካ ቀረ።