ጠርሙሱና የተገኘበት ቦታ፦ ከ«በርትራንድ» መርከብ ስብስብ አንጻር

«በርትራንድ» የተባለችው የእንፋሎት መርከብ ወደ ሞንታና የወርቅ ሠፈሮች የሚሄድ ሸቀጥ ጭና በሚዙሪ ወንዝ ሽቅብ ስትጓዝ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 1865 ከኦማሃ ከተማ በስተሰሜን ሰጠመች። ከጊዜ በኋላ ወንዙ መሄጃውን ቀየረ፤ መርከቧም ከእርሻ መሬት በታች በደለል ተቀብራ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየች። በ1968 ሁለት ሀብት ፈላጊዎች ሲደርሱባት ቦታው የፌዴራል መንግሥት የዱር እንስሳት መጠለያ ሆኖ ነበር። በዚህም ምክንያት ጭነቱ ለገበያ ሳይበተን የመንግሥት ንብረት ሆኖ በአንድነት ተቀመጠ። ለጥንታዊ ጠርሙሶች ጥናት ከዚህ በላይ የጠቀመ አጋጣሚ ጥቂት ነው።

ከመርከቧ የወጡት ጠርሙሶች በሺዎች ይቆጠራሉ። ሰናፍጭ፣ ካቻፕ፣ በኮምጣጤ የተቀመጠ አትክልት፣ በብራንዲ የተዘፈዘፈ ቼሪ የያዙ ነበሩ፤ ከነይዘታቸው የተገኙም አሉ። በብዙ ሣጥኖች ላይ የተረካቢው ነጋዴ ስምና የሚላክበት ከተማ ተጽፏል። ሮናልድ ስዊትዘር ይህን ክምችት መርምሮ በ1974 ያሳተመው ጥናት እስከ ዛሬ መነሻ ሆኖ ያገለግላል። ለምሳሌ የዶክተር ሆስቴተርን የሆድ መድኃኒት እንውሰድ፤ በመድኃኒት ስም የሚሸጥ፣ አልኮሉ የበዛ መራራ መጠጥ ነው። አራት ማዕዘኑ ቡናማ ጠርሙሱ ለአሥርተ ዓመታት ብዙም ሳይለወጥ ስለተመረተ፣ አንዱን ብቻ ከገበያ ገዝቶ ዘመኑን በቅርብ መወሰን ያስቸግራል። በ«በርትራንድ» የተገኙት ግን ሁሉም ከ1865 ጸደይ በፊት መሠራታቸው የተረጋገጠ ነው። ስለዚህ በቅርጻቸውና በመቀመጫቸው ምልክት የሚታየው ልዩነት የዓመታት ለውጥ ሳይሆን በአንድ ወቅት ጎን ለጎን የነበረ ልዩነት መሆኑ ይታወቃል። ይህን ጠርሙሱ ብቻውን ሊነግረን አይችልም።

ጠርሙስ በራሱ የሚናገረው የለም ማለት አይደለም። መስታወት ነፊው አፉን ሲያበጅ ጠርሙሱን ከሥር የሚይዝበት የብረት ዘንግ ተሰብሮ ሲላቀቅ በመቀመጫው ላይ ሻካራ ጠባሳ ይተዋል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ዘንጉን ጠርሙሱን አቅፎ የሚይዝ መሣሪያ ሲተካው፣ ጠባሳው ከተራ የአሜሪካ ጠርሙሶች ላይ እየጠፋ ሄደ። ማይክል ኦወንስ በ1903 በኦሃዮ፣ ቶሌዶ ለሥራ ያበቃው አውቶማቲክ ማሽን ደግሞ የቅርጽ ማውጫው ክፍሎች የሚጋጠሙበትን መስመር እስከ አፉ ጫፍ ድረስ አደረሰው። እዚህ ላይ ሰብሳቢዎች ዘንድ የተስፋፋ አንድ ስሕተት መታረም አለበት፤ «መስመሩ ወደ አንገት ከፍ ባለ ቁጥር ጠርሙሱ አዲስ ነው» ይባላል። በእጅ በተሠራ ጠርሙስ መስመሩ የሚያቆምበት ቦታ ግን አፉን ያበጀው መሣሪያ ምን ያህሉን እንደደመሰሰው እንጂ ዓመቱን አይለካም። በቅርጽ ማውጫው ውስጥ እየተሽከረከሩ የተነፉት የወይን ጠርሙሶችማ ጭራሽ መስመር የላቸውም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው የተሠራበት ዘመን ነው፤ የተጣለበት ግን ሌላ ነው። ቆራሌው ጠርሙስ እየገዛ በሚዞርበት ከተማ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ የውስኪው ጠርሙስ አረቄ፣ ቀጥሎም ጸበል ወይም ናፍጣ ይያዝበታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካም ጠርሙስ እየታጠበ ደጋግሞ ይሞላ ነበር። ስለሆነም በአንድ የቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ የሚገኝ ጠርሙስ ከተሠራ ከዓመታት በኋላ የገባ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚያጋልጠው አብሮት የተቀበረው ሸክላ፣ አዝራር ወይም ሳንቲም ነው።

ሰብሳቢዎች ለዘርፉ ያበረከቱትን መካድ ግፍ ይሆናል። በጠርሙስ መቀመጫ ላይ ያሉትን ፊደላት ከፋብሪካዎቹ ጋር ያዛመደው፣ ጁልያን ቱሉዝ በ1971 ያሳተመው መጽሐፍ፣ ያለ እነሱ ጉጉት ያን ያህል አንባቢ አያገኝም ነበር። ሆኖም በአሮጌ ቤቶች ጓሮ የመጸዳጃ ጉድጓድ ቆፍሮ ያልተሰበረውን ብቻ መርጦ ማውጣት ንባቡን ያጠፋዋል። ስብርባሪው ይጣላል፣ የአፈሩ ንብርብር ይደባለቃል፣ የአንድ ቤተሰብ ገበታና ሕመም የተመዘገበበት ክምችት ወደ መደርደሪያ ጌጥነት ይወርዳል። ቆፋሪው ጥልቀቱን ቢለካ፣ ንብርብሩን በፎቶግራፍ ቢያስቀር፣ ስብርባሪውን ቢቆጥር ኖሮ ያው ጉድጓድ ለተመራማሪም ይተርፍ ነበር። የመሬቱን ባለቤት ፈቃድና የአገሩን ሕግ ማክበር ሳይነገርም የሚታወቅ ነው።

ከሁሉ የከፋው በመስታወቱ በራሱ ላይ የሚደረገው ነው። መስታወት አሸዋው ውስጥ ባለው ብረት የተነሳ አረንጓዴ እንዳይሆን ማንጋኒዝ ይጨመርበት ነበር፤ እንዲህ ያለው መስታወት ለብዙ ዓመታት ፀሐይ ሲመታው ቀስ በቀስ ወይን ጠጅ ቀለም ይይዛል። ቀለሙ ገዢ ስለሚስብ አንዳንድ ነጋዴዎች ጠርሙሱን በጨረር አጥቁረው ይሸጡታል። የተፈጥሮው ለውጥ ፈዛዛ ሲሆን የጨረሩ ድፍን ያለ ወይን ጠጅ ነው። አንዴ በጨረር የጠቆረ ጠርሙስ ለስንት ጊዜ ፀሐይ ላይ እንደዋለ፣ የትኛው ጎኑ በአፈር ተሸፍኖ እንደነበረ ከቀለሙ ማንበብ አይቻልም።